የቪላን ፖርት እና የትራፊክ ቁጥጥር ቅንብር፦ ካሜራው አይደርስም፣ የእንግዳ ዋይፋይ ገደብ በአንድ ወገን ብቻ ይሠራል፣ የስልክ ድምፅ ይቆራረጣል

#1 ራክ_ቁጥር_3

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሦስት ፎቅ ቢሮ ነው። ግራውንድ ላይ ሲስኮ ካታሊስት 2960-ኤክስ ባለ 24 ፖርት፣ 2ኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ቲፒ-ሊንክ ስማርት ስዊች ባለ 24 ፖርት አለ። ሁለቱ በፖርት 24 ተገናኝተዋል። ራውተሩ ማይክሮቲክ ሲሆን ሲስኮው ፖርት 1 ላይ ነው። ኢንተርኔቱ 50 ሜጋቢት ነው። ቪላኖቹ (በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው የሚሠሩ ኔትወርኮች)፦ 10 ሠራተኛ፣ 20 አይፒ ስልክ (ይሊንክ)፣ 30 ካሜራ፣ 40 እንግዳ ዋይፋይ፣ 99 ማኔጅመንት።

ያልተፈቱት እነዚህ ናቸው።

ሀ) ቲፒ-ሊንኩ ፖርት 7 ላይ ያለውን ካሜራ ቪላን 30 ውስጥ አንታግድ (ታግ፣ ማለትም የቪላን ቁጥር ምልክት፣ የሌለው) አድርጌ አስገብቼዋለሁ። የካሜራው መቅጃ ግራውንድ ላይ ነው፤ ከዚያ ፒንግ ሳደርግ መልስ የለም። የሊንክ መብራቱ ግን በርቷል፣ ብልጭ ድርግምም ይላል።

ለ) ሲስኮው ላይ ቪላን 40ን ወደ ትራንኩ (ብዙ ቪላኖችን በአንድ ገመድ ወደሚያሳልፈው ፖርት 24) ስጨምር 2ኛ ፎቅ በሙሉ ተቋረጠ።

ሐ) አክሰስ ፖይንቱ ያለበት ፖርት ላይ ኢንግረስ 10 ሜጋ ብዬ ገደብኩ። እንግዶች አሁንም ከ40 ሜጋ በላይ ያወርዳሉ፤ የሠራተኞቹ ዋይፋይ ግን ፋይል ሲልክ ይንቀራፈፋል።

መ) ስቶርም ኮንትሮል (የትራፊክ ማዕበል መገደቢያ) ለብሮድካስትም (ለሁሉም ለሚላከው) ለመልቲካስትም (ለተመዘገቡ ተቀባዮች ለሚላከው) 1 ፐርሰንት ካደረግሁ ወዲህ የአንዳንድ ካሜራዎች ምስል ይቆማል፣ ይቀጥላል፣ ይቆማል።

ሠ) ሲስኮው ላይ «ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስ» (ለትራፊክ ቅድሚያ የሚሰጥ ቅንብር) ካበራሁ በኋላ የስልክ ድምፅ ከበፊቱ የባሰ ይቆራረጣል።

#2 ኮንሶል_ገመድ

አምስቱንም ከመንካትህ በፊት አንድ ጥያቄ ልመድ፦ ይህ ቅንብር የሚሠራው ፍሬሙ (ስዊቹ የሚያስተላልፈው የዳታ እሽግ) ወደ ስዊቹ *ሲገባ* ነው ወይስ ከስዊቹ *ሲወጣ*? ከዘረዘርካቸው ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ የዚህ ጥያቄ ልጆች ናቸው።

በ«ሀ» ልጀምር። ቪላን 30 ላይ ፖርት 7ን «አንታግድ» ስትለው ያዘዝከው ስለሚወጣው ፍሬም ብቻ ነው፦ «የቪላን 30 ፍሬም በዚህ ፖርት ሲወጣ ታጉን አንሳለት» ማለት ነው። ከካሜራው ታግ ሳይኖረው የሚገባው ፍሬም የየትኛው ቪላን ነው የሚለውን የሚወስነው ፒቪአይዲ (የፖርቱ መነሻ ቪላን ቁጥር) ነው። ፒቪአይዲ ካልነካኸው 1 ነው።

ስለዚህ የሆነው ይህ ነው። መቅጃው «የዚህ አይፒ ባለቤት ማነው?» ብሎ በአርፕ ይጠይቃል። ጥያቄው በቪላን 30 ይመጣል፣ ታጉ ይነሳለታል፣ ካሜራው ይሰማዋል፤ መብራቱ ብልጭ የሚለው ለዚህ ነው። ካሜራው ይመልሳል፤ መልሱ ግን ስዊቹ ውስጥ ሲገባ ቪላን 1 ተብሎ ይመዘገባል፣ መቅጃውም ዘንድ አይደርስም። ካሜራው ይሰማል እንጂ አይሰማለትም።

ከሲስኮ ወደ ቲፒ-ሊንክ የሚመጣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋር ይደናቀፋል፤ ምክንያቱም ሲስኮ ላይ «ስዊችፖርት አክሰስ ቪላን 30» የሚለው አንድ መስመር መግቢያውንም መውጫውንም በአንዴ ያስተካክላል። እዚህ ሥራው ለሦስት ተከፍሏል፦ በቪላን 30 ገጽ ላይ ፖርት 7ን አንታግድ ማድረግ፣ በፖርት ኮንፊግ ገጽ የፖርት 7ን ፒቪአይዲ 30 ማድረግ፣ ከዚያ ፖርት 7ን ከቪላን 1 አባልነት ማስወጣት። ሦስተኛውን ብትዘለው ካሜራው ይሠራል፤ ግን የቪላን 1 ብሮድካስት ሁሉ ወደ ካሜራው መፍሰሱን ይቀጥላል፣ ለመለየት የደከምክበትም ነገር ግማሹ ባክኖ ይቀራል።

ፖርት 24 ደግሞ ለ10፣ 20፣ 30፣ 40 እና 99 «ታግድ» መሆን አለበት። አንዱን ከረሳህ የዚያ ቪላን ሰዎች ፎቁ ውስጥ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ወደ ታች ግን አይወርዱም።

#3 ፓኬት_ቆጣሪ

#2 በደንብ ገልጾታል። ሳይገምቱ ለማረጋገጥ የማክ አድራሻ (የመሣሪያው የሃርድዌር መለያ) ሠንጠረዡን ክፈት። የካሜራው ማክ በፖርት 7 ላይ በቪላን 1 ሥር ተመዝግቦ ካየኸው ፒቪአይዲው ነው፣ ሌላ አትፈልግ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ፖርት 7ን ከቪላን 1 ቀድመህ አስወጥተህ ፒቪአይዲውን 1 ላይ ከተውከው፣ እና «ኢንግረስ ቼኪንግ» የበራ ከሆነ፣ ማኩ ሠንጠረዡ ውስጥ ጨርሶ አይታይም። ፍሬሙ «ቪላን 1» ተብሎ ይመደባል፣ ፖርቱ የቪላን 1 አባል አይደለም፣ ስለዚህ በር ላይ ይጣላል። ሊንክ በርቶ ማክ ከሌለ ሰው ገመድ መቀየር ይጀምራል፤ ገመዱ ግን ጤነኛ ነው።

ቅደም ተከተሉም ለዚህ ነው እንዲህ የሚሆነው፦ መጀመሪያ አባልነት፣ ቀጥሎ ፒቪአይዲ፣ መጨረሻ ከቪላን 1 ማስወጣት።

#4 ራክ_ቁጥር_3

የፖርት 7 ማክ በቪላን 1 ሥር ነው የተገኘው። ፒቪአይዲውን 30 ሳደርገው ካሜራው ወዲያው መጣ። አመሰግናለሁ። ለ«ለ» ምን ትላላችሁ? የጻፍኩት ትዕዛዝ «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 40» ነበር።

#5 ታግ_802

ትዕዛዙ መጨመሪያ ሳይሆን መተኪያ ነው። «አላውድ ቪላን 40» ስትለው ሲስኮው የተረዳው «ከ40 በስተቀር ማንም አይለፍ» ብሎ ነው። 10፣ 20፣ 30 እና 99 በዚያው ቅጽበት ወደቁ። ለመጨመር «አድ» የምትለዋ ቃል ግዴታ ናት፦

ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን አድ 40

ከዜሮ የምትጽፈው ከሆነ የ1/0/24 ሙሉ ቅንብር ይህን ይመስላል፦

ኢንተርፌስ ጊጋቢትኢተርኔት 1/0/24
ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ
ስዊችፖርት ትራንክ ኔቲቭ ቪላን 999
ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 10,20,30,40,99
ስዊችፖርት ኖንኔጎሺዬት

2960 የድሮውን አይኤስኤል (የሲስኮ የራሱ የቪላን ታግ አሠራር) ስለማይደግፍ «ኢንካፕሱሌሽን» የሚለውን መስመር አይቀበልም፤ ከሌላ ሞዴል ገልብጠህ ካመጣኸው ስህተት ይሰጥሃል፣ አትደንግጥ። ኔቲቭ ቪላን ማለት በትራንኩ ላይ ታግ የሌለው ፍሬም የሚመደብበት ነው፤ 999 ማንም የማይጠቀምበት ባዶ ቪላን ነው። ቲፒ-ሊንኩም ላይ 999ን ፍጠር፣ ፖርት 24ን በእሱ ውስጥ አንታግድ አድርግ፣ የፖርት 24 ፒቪአይዲም 999 ይሁን። ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ ታግ የሌለው ፍሬም ከአንዱ ቪላን ወጥቶ በሌላው ይገባል። ሁለቱም ሲስኮ ቢሆኑ ኖሮ በሲዲፒ (የሲስኮ መሣሪያዎች እርስ በርስ በሚተዋወቁበት ፕሮቶኮል) አማካይነት «ኔቲቭ ቪላን ሚስማች» የሚል መልእክት ይመጣልህ ነበር። እዚህ ማንም አይነግርህም።

ከዚያ «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» በል። አራት ክፍል ያሳይሃል፦ ሞዱ፣ የተፈቀዱት ቪላኖች፣ ተፈቅደው በስዊቹም ላይ በሕይወት ያሉት፣ እና በስፓኒንግ ትሪ (ሉፕን በሚከላከለው ፕሮቶኮል) እየተላለፉ ያሉት። ብዙ ሰው ሁለተኛው ላይ ይቆማል። ሦስተኛውን እይ። ቪላን 40 በሁለተኛው ኖሮ በሦስተኛው ከሌለ ሲስኮው ላይ ቪላን 40 ራሱ አልተፈጠረም ማለት ነው። ሲስኮው ላይ አንድም የቪላን 40 አክሰስ ፖርት ባይኖር እንኳ፣ መንገድ ሰጪ ስለሆነ ቪላኑ መፈጠር አለበት።

#6 ኮንሶል_ገመድ

በ#5 ላይ ልጨምር። ማኔጅመንቱ በዚያው ትራንክ የሚያልፍ ከሆነ እንዲህ ያለ ስህተት አንተንም ውጭ ይቆልፍሃል። ትራንክ ከመንካትህ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ብለህ ጻፍ። «ሴቭ ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ «ኖ» ነው። ከተቆለፍክ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስዊቹ በድሮው ቅንብር ይነሳል። ሁሉ ከሰመረ «ሪሎድ ካንስል»። ይህችን መጨረሻዋን ረስተህ እንዳትሄድ፤ ሥራው ባማረበት ሰዓት ሰው ሁሉ እየሠራ ስዊቹ ይዘጋብሃል።

ኮንሶል ገመድም ራኩ ውስጥ ይቀመጥ፦ ፍጥነት 9600፣ 8 ቢት፣ ፓሪቲ የለም፣ 1 ስቶፕ ቢት።

#7 ባንድዊድዝ_መዛኝ

ወደ «ሐ»። «ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ» የሚለው እዚህም ይሠራል። በአክሰስ ፖይንቱ ፖርት ላይ ኢንግረስ ማለት ከአክሰስ ፖይንቱ ወደ ስዊቹ የሚገባው ነው፤ ያ የእንግዶቹ *አፕሎድ* ነው። ዳውንሎዳቸው በዚያ ፖርት ላይ ኢግረስ (ከስዊቹ የሚወጣው) ነው። ስለዚህ የገደብከው የማትፈልገውን ወገን ነው።

ግን ኢግረስንም 10 ሜጋ አድርግ ብዬ አልመክርህም። የፖርት ገደብ ቪላን አያውቅም። ያ ፖርት ቪላን 10ን እና ቪላን 40ን አብሮ የሚሸከም ትራንክ ነው፤ 10 ሜጋ ስትለው ሠራተኛውም እንግዳውም በአንድ ጠባብ በር ይጋፋሉ። የሠራተኞቹ ፋይል መላክ የተንቀራፈፈው በዚህ ነው። የፖርት ገደብ የሚሆነው ፖርቱ የአንድ ተጠቃሚ ወይም የአንድ ቪላን ብቻ ሲሆን ነው።

ሲስኮው ላይ በፖሊሰር (ከልክ ያለፈውን ትራፊክ በሚጥል ገደብ) ልሥራው ብትል፣ 2960 ላይ ሰርቪስ ፖሊሲ የሚለጠፈው በገቢው በኩል ብቻ ነው፣ ላን ቤዝ ላይሰንስም ይፈልጋል። ለመውጫው ያለህ «ኤስአርአር-ኪው ባንድዊድዝ ሊሚት» ነው። እሱ በፐርሰንት ከ10 እስከ 90 ይቀበላል፣ ሃርድዌሩ ግን በ6 በ6 ደረጃ ነው የሚያስተካክለው። ጊጋቢት ፖርት ላይ ዝቅተኛው 100 ሜጋ አካባቢ ነው፤ ለአንተ 10 ሜጋ አይጠቅምም።

ፖሊሰር ከተጠቀምክ በርስት (በአንዴ እንዲያልፍ የሚፈቀደውን) መጠኑን አታሳንስ። ፖሊሰር ትርፉን ወረፋ አያስይዝም፣ ይጥላል። ቲሲፒ ደግሞ ፓኬት ሲጣልበት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ይጨምራል፣ እንደገና ይጣልበታል። 10 ሜጋ ገድበህ በርስቱን 8000 ባይት ብትተወው ተጠቃሚው 10 ሜጋን በዓይኑ አያይም። የደርሶ መልሱ ጊዜ 150 ሚሊሰከንድ ነው ብንል፦ 10,000,000 × 0.15 ÷ 8 = 187,500 ባይት። 200,000 አድርገው።

ለአንተ ትክክለኛው ቦታ ራውተሩ ነው። ቪላን 40 እዚያ የራሱ ኢንተርፌስ አለው።

#8 ፋስትትራክ_ጠፍቷል

#7 እንዳለው ራውተሩ ላይ ይሁን። ማይክሮቲክ ላይ ሲምፕል ኪው (የፍጥነት ገደብ ሕግ) ፍጠር፣ ታርጌቱን የቪላን 40 ኢንተርፌስ አድርግ፣ ማክስ-ሊሚት 10ኤም/10ኤም። የመጀመሪያው ቁጥር የታርጌቱ አፕሎድ፣ ሁለተኛው ዳውንሎድ ነው።

ይህን አድርገህ «ገደቡ አልሠራም» ብለህ ከመመለስህ በፊት ግን ፋየርዎሉን ተመልከት። የማይክሮቲክ የመነሻ ፋየርዎል ውስጥ ፋስትትራክ የሚል፣ ፓኬቶችን በአቋራጭ የሚያሳልፍ ሕግ አለ። በፋስትትራክ የተያዘ ኮኔክሽን ሲምፕል ኪውን ዘሎ ነው የሚያልፈው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኪውው ላይ ጥቂት ኪሎቢት ብቻ ሲቆጠር እንግዳው በሙሉ ፍጥነት ያወርዳል።

ፋስትትራክን ማጥፋት ቀላሉ ነው፤ ግን ትንሽ ራውተር ከሆነ ፕሮሰሰሩ ይጨነቃል። የተሻለው፣ ከፋስትትራክ ሕግ *በላይ* ሁለት የፎርዋርድ ሕግ ማስገባት ነው፦ ኢስታብሊሽድ እና ሪሌትድ (ቀድሞ የተከፈተ ወይም ከእሱ ጋር የተያያዘ ኮኔክሽን) ሆኖ ምንጩ የእንግዳው ሰብኔት የሆነ ይለፍ፣ ኢስታብሊሽድ እና ሪሌትድ ሆኖ መድረሻው የእንግዳው ሰብኔት የሆነ ይለፍ። ሁለቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል። አንዱን ብቻ ካስገባህ በሌላው አቅጣጫ የሚመጣው ፓኬት ኮኔክሽኑን ፋስትትራክ ያስደርገዋል። ሕጎቹን ካስገባህ በኋላ ቀድሞ የተከፈቱት ኮኔክሽኖች እስኪያልቁ በድሮው መንገድ ይቀጥላሉ፤ የኮኔክሽን ሠንጠረዡን አጽዳ ወይም ጠብቅ።

#9 ራክ_ቁጥር_3

ፋስትትራኩ ነበር! ሁለቱን ሕጎች ሳስገባ ኪውው በትክክል መቁጠር ጀመረ፣ እንግዳው 10 ሜጋ ላይ ቆመ። የፖርቱን ገደብ አንስቻለሁ። አሁን «መ» እና «ሠ» ቀሩኝ። ካሜራዎቹ መልቲካስት ነው የሚልኩት፣ እያንዳንዱ ወደ 4 ሜጋ።

#10 ፓኬት_ቆጣሪ

ቁጥሩን ስለነገርከን መልሱ በእጅህ ነው። ፐርሰንቱ የሚሰላው ከፖርቱ ፍጥነት ነው። አብዛኛው አይፒ ካሜራ 100 ሜጋ ፖርት ነው ያለው። የ100 ሜጋ 1 ፐርሰንት 1 ሜጋ ነው። ካሜራው 4 ሜጋ መልቲካስት ይልካል። ስዊቹ በየ1 ሰከንዱ ይለካል፣ ከልኩ ያለፈ ሲያይ መልቲካስቱን ይዘጋል፣ ሲቀንስ ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋል። የሚቆም የሚቀጥለው ምስል ይኸው ነው።

በተቃራኒው ጊጋቢት ፖርት ላይ 1 ፐርሰንት በጣም ልቅ ነው። ትንሹ የኢተርኔት ፍሬም 64 ባይት ነው፤ 8 ባይት ፕሪአምብል እና 12 ባይት ክፍተት ሲጨመርበት 84 ባይት፣ ማለትም 672 ቢት ይሆናል። ጊጋቢት በሰከንድ 1,488,095 እንዲህ ያለ ፍሬም ያሳልፋል፤ 1 ፐርሰንቱ ከ14,800 በላይ ነው። እያንዳንዱን ብሮድካስት በቪላኑ ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ በራሱ ፕሮሰሰር ያነበዋል። ስልክና ካሜራ በሰከንድ 14,800 አርፕ ሲዘንብባቸው አይችሉም። ስለዚህ አንድ ፐርሰንት ለአንዱ ፖርት ማነቆ፣ ለሌላው ክፍት በር ነው። በፐርሰንት ሳይሆን በፓኬት ቁጥር ገድብ፦

ስቶርም-ኮንትሮል ብሮድካስት ሌቭል ፒፒኤስ 500 300

500 ሲደርስ ይዘጋል፣ ከ300 በታች ሲወርድ ይከፍታል። ይህ ለአክሰስ ፖርት መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። «ሾው ስቶርም-ኮንትሮል» አሁን ያለውን መጠን ያሳይሃል፤ በሥራ ሰዓት ጥቂት ቀን እያየህ ከተለመደው ከፍታ ብዙ እጥፍ በላይ አስቀምጠው። ብሮድካስት ሲዘጋ ዲኤችሲፒም አርፕም አብረው እንደሚዘጉ አትርሳ፤ ልኩ ከጠበበ ጠዋት ሁሉም ኮምፒውተር በአንዴ ሲበራ አይፒ የማያገኝ ይኖራል።

በካሜራ ፖርቶች ላይ የመልቲካስቱን ገደብ አንሳ። ከዚያ በላይ ግን ካሜራዎቹ ለምን መልቲካስት ይልካሉ? አንድ መቅጃ ብቻ የሚቀበል ከሆነ በዩኒካስት (ለአንድ ተቀባይ ብቻ በሚላክ) አርቲኤስፒ ይጎትተው። መልቲካስት የግድ ከሆነ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ (መልቲካስቱን ለጠየቁት ፖርቶች ብቻ የሚያደርስ) እና *ኩዌሪየር* (ተቀባዮቹን በየጊዜው የሚጠይቅ) ያስፈልግሃል። ስኑፒንግ ሲስኮ ላይ ከመነሻው የበራ ነው። መልቲካስት ራውተር በሌለበት ቪላን ግን የሚጠይቅ ስለሌለ ተቀባዮቹ አይታደሱም፣ ምዝገባቸውም ጊዜው ሲያልፍ ይጠፋል። «አይፒ አይጂኤምፒ ስኑፒንግ ኩዌሪየር» የሚለው ይህን ይሞላል፤ ቪላን 30 ላይ ለስዊቹ አይፒ ስጠው።

#11 ታግ_802

የስቶርም ኮንትሮል «አክሽን ሻትዳውን» (ልኩ ሲታለፍ ፖርቱን የሚዘጋው) በአክሰስ ፖርት ላይ ብቻ ይሁን። በትራንክ ላይ ካደረግከው የአንድ ሰው ሉፕ (ዞሮ ወደ ስዊቹ የሚመለስ ግንኙነት) ፎቁን በሙሉ ያጠፋል። ራሱ እንዲነሳም «ኤርዲሴብል ሪከቨሪ ኮዝ ስቶርም-ኮንትሮል» ጨምርበት፤ የመነሻ ጊዜው 300 ሰከንድ ነው።

ስቶርም ኮንትሮል ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው። ኢተርኔት ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት ዕድሜ የሚቆጥር ቲቲኤል የለውም፤ ሉፕ ከተፈጠረ ፍሬሙ እስክትነቅል ይዞራል። ቢሮ ውስጥ ሉፑ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ የአይፒ ስልኩ ሁለቱም ፖርቶች ግድግዳው ላይ ሲሰኩ ነው። በአክሰስ ፖርቶች ሁሉ ላይ «ስፓኒንግ-ትሪ ፖርትፋስት» እና «ስፓኒንግ-ትሪ ቢፒዲዩጋርድ ኢኔብል» አድርግ። ስዊቹ የላከው ቢፒዲዩ (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት) ዞሮ ሲመጣበት ፖርቱን ይዘጋል፣ ማዕበሉም ሳይጀምር ያልቃል። ሠራተኛ ከጠረጴዛ ሥር ያስቀመጣት ትንሽ ስዊች ቢፒዲዩ የማታሳልፍ ከሆነች ግን ቢፒዲዩ ጋርድ አያያትም፤ ያኔ ነው ስቶርም ኮንትሮል የሚያድንህ። ቲፒ-ሊንኩ ላይ «ሉፕባክ ዲቴክሽን»ንም አብራ።

በፎቆቹ መካከል ሁለተኛ መጠባበቂያ ገመድ ለመዘርጋት ካሰብክ ሁለቱንም ስዊቾች ኤምኤስቲፒ (ሁሉም አምራች የሚጋራው የስፓኒንግ ትሪ ዓይነት) ላይ አስማማቸው። የሲስኮው ራፒድ-ፒቪኤስቲ የራሱ የሲስኮ ነው።

#12 አዲስ_አስተዳዳሪ

ለድምፁ መቆራረጥ ፍሎው ኮንትሮልን በሁሉም ፖርት ማብራት አይረዳም? ፓኬት እንዳይጣል ያደርጋል ሲባል አንብቤያለሁ።

#13 ኮንሶል_ገመድ

ለድምፅ አይሆንም። በ802.3ኤክስ ፍሎው ኮንትሮል የተጨናነቀው ወገን «ቁም» የሚል ፍሬም ይልካል፣ ላኪው ደግሞ *ሁሉንም* ያቆማል። ፋይሉ ቆሞ ድምፁ አይቀጥልም፤ ቅድሚያ የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ፖዝ በጊጋቢት ላይ እስከ 33.5 ሚሊሰከንድ፣ በ100 ሜጋ ላይ እስከ 335 ሚሊሰከንድ ሊያስቆም ይችላል፣ ሊደጋገምም ይችላል። 335 ሚሊሰከንድ የቆመ ድምፅ የተቆረጠ ቃል ነው። በዚያ ላይ 2960 ፖዝ ይቀበላል እንጂ አይልክም፤ ስለዚህ ያሰብከው ጥበቃ ግማሹ የለም። ፍሎው ኮንትሮል ለብቻው ለተለየ የስቶሬጅ ኔትወርክ ይሁን፤ ስልክና ኮምፒውተር በሚጋሩት ስዊች ላይ ይጥፋ።

#14 ባንድዊድዝ_መዛኝ

«ሠ»። «ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስ» የሚለው አንድ ትዕዛዝ ሁለት ነገር ሳይነግርህ ያደርጋል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱን ፖርት «አልታመነም» ያደርገዋል። ስልኩ ድምፁን ዲኤስሲፒ (በፓኬቱ ላይ ያለ የቅድሚያ ምልክት) 46 ብሎ ይልካል፤ ስዊቹ ወደ 0 ይመልሰዋል። ከማብራትህ በፊት ምልክቱ ሳይነካ ያልፍ ነበር፣ ካበራህ በኋላ ድምፅ ከዳውንሎድ ጋር እኩል ሆነ። ሁለተኛ፣ የፖርቱን መውጫ ቋት ለአራት ወረፋ 25 25 25 25 አድርጎ ይከፍለዋል። ተራው ዳታ ሁሉ የሚሄደው ወደ ወረፋ 2 ነው፤ ቀድሞ ሙሉውን የሚጠቀም ትራፊክ ሩቡ ውስጥ ሲጨናነቅ መጣል ይጀምራል።

መጀመሪያ መጨናነቅ መኖሩን አረጋግጥ። «ሾው ኢንተርፌስስ» ላይ «ቶታል አውትፑት ድሮፕስ» (ሲወጡ የተጣሉ ፓኬቶች ቁጥር) እያደገ ነው? ካላደገ ስዊቹ ላይ ኪውኦኤስ አያስፈልግህም፤ «ኖ ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስ» ብለህ አጥፋው፣ ምልክቶቹ ሳይነኩ ያልፋሉ። አንድ የጂ.711 (የድምፅ ኮዴክ) ጥሪ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 50 ፓኬት፣ እያንዳንዱ 200 ባይት የአይፒ ፓኬት፣ 80 ኪሎቢት ነው፤ የኢተርኔቱ ራስጌ፣ ታጉና ክፍተቱ ሲጨመር 96.8 ኪሎቢት። 20 ጥሪ 2 ሜጋ አይሞላም። ጊጋቢት ለዚህ አይጨናነቅም። ስልኮቹ ከውጭ ካለ ማዕከል ጋር የሚነጋገሩ ከሆነ የሚጨናነቀው 50 ሜጋው መስመር ነው፤ ቅድሚያውም ራውተሩ ላይ ነው መሰጠት ያለበት።

ድሮፕ ካለና ኪውኦኤሱን ማቆየት ከፈለግህ፦ በስልክ ፖርቶች ላይ «ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስ ትረስት ኮስ»፣ በፖርት 1 እና 24 ላይ «ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስ ትረስት ዲኤስሲፒ»። ለስልኩ ኮስ (በቪላን ታግ ውስጥ ያለ የቅድሚያ ምልክት) የመረጥኩት ከስልኩ ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ታግ ሳይኖረው ስለሚልክ ኮሱ 0 ይሆናል፤ ራሱን ድምፅ አስመስሎ ቅድሚያ አይወስድም። «ትረስት ዲቫይስ ሲስኮ-ፎን» የሚለውን ለይሊንክ አትጠቀምበት፤ የሚያምነው የሲስኮ ስልክ ሲያይ ብቻ ነው።

ድምፅ በመነሻው ካርታ ወደ ወረፋ 1 ነው የሚሄደው፤ ፖርቶቹ ላይ «ፕራዮሪቲ-ኪው አውት» ካልጻፍክ ግን ወረፋ 1 ልዩ ቅድሚያ የለውም። ቋቱን ደግሞ፦

ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስ ኪው-ሴት አውትፑት 1 በፈርስ 15 50 20 15

ድምሩ 100 መሆን አለበት። ይህ ኪው-ሴቱን የሚጠቀሙትን ፖርቶች ሁሉ ስለሚነካ ከሥራ ሰዓት ውጭ አድርገው።

ስልኮቹ ቪላን 20ን ራሳቸው እንዲያውቁ ፖርቱ ላይ «ስዊችፖርት ቮይስ ቪላን 20» ብቻ አይበቃም፤ በጠቅላላ ቅንብሩ «ኤልኤልዲፒ ረን» (ስዊቹ ቪላኑን ለስልኩ የሚነግርበት ፕሮቶኮል) ጨምር፣ ሲስኮው ላይ ከመነሻው ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

#15 ራክ_ቁጥር_3

ድሮፑ ያለው 1/0/5 ላይ ብቻ ነው፤ መቅጃው የተሰካበት ፖርት። ፍጥነቱ 100 ሜጋ ይላል። መቅጃው ግን ጊጋቢት ነው። 22 ካሜራ አለ።

#16 ፓኬት_ቆጣሪ

22 × 4 = 88 ሜጋ ነው፤ በ100 ሜጋ ፖርት ላይ በአማካይ ይገባል፣ ካሜራዎቹ ቁልፍ ፍሬም አብረው ሲልኩ ግን ይፈስሳል። ቅንብር አትንካ፣ ገመዱን እይ። 100 ሜጋ በሁለት ጥንድ ሽቦ (1-2 እና 3-6) ይሠራል፣ ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል። ከ4-5 ወይም ከ7-8 አንዱ ሽቦ በደንብ ካልተጨመቀ ሊንኩ ሳይጠፋ በዝምታ ወደ 100 ይወርዳል። ሁለቱንም ጫፍ እንደገና ጨምቅ፣ ፓች ፓነሉን ጨምሮ። ፖርቱን «ስፒድ 1000» ብለህ በግድ አታስይዘው፤ ሊንኩ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ኦቶ ላይ ተወው።

የስልኩ ጉዳይ ከዚህ ፖርት ጋር አይገናኝም። ሌላ ፖርት ላይ ድሮፕ ከሌለ ኪውኦኤሱን አጥፋውና ቅድሚያውን ራውተሩ ላይ ስጥ።

#17 ራክ_ቁጥር_3

ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ውስጥ ሰማያዊው ሽቦ አልተጨመቀም ነበር። አሁን 1000 ሆኗል፣ ድሮፑ ቆሟል። ኤምኤልኤስ ኪውኦኤስን አጥፍቼ ማይክሮቲኩ ላይ ለዲኤስሲፒ 46 ቅድሚያ ሰጥቻለሁ፤ ድምፁ ጠርቷል። የስቶርም ኮንትሮሉንም በፒፒኤስ አድርጌዋለሁ።

#18 ኮንሶል_ገመድ

ከመዝጋትህ በፊት ሲስኮው ላይ «ኮፒ ረኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ» በል። ቲፒ-ሊንኩ ላይ «አፕላይ» መጫንህ «ሴቭ» አይደለም፤ ለብቻው የሴቭ ቁልፍ አለው፣ እሱን ካልተጫንከው ቅንብሩ ያለው በራም ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፖርት 7 ወደ ፒቪአይዲ 1 ይመለሳል፣ አንተም የተፈታ ችግር እንደገና ትፈታለህ። ሁለቱንም የኮንፊግ ፋይሎች ወደ ኮምፒውተርህ አውርድ፣ ፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጻፍበት። 2ኛ ፎቅ ያለው ስዊችም ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ግራውንዱ ብቻ ዩፒኤስ ኖሮት ላይኛው ከጠፋ ካሜራዎቹ መብራት በጠፋ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ።